ድምፁ የት ቀረ?

ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም። የሚለው ያጣ ሰው ዝም ይላል፤ አፉን የታፈነም ዝም ይላል፤ ሌላ ክፍል ሆኖ የሚያወራውም ለእኛ ዝም ያለ ይመስለናል። ሦስቱን ሳይለይ የሚፈርድ ሰው በጤነኛው ላይ መፍረዱ አይቀርም።

እዚህ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ጡረተኛ ጎረቤት አሉኝ። የድሮ ካሴቶቻቸውን ልጃቸው ሊኑክስ ወደተጫነበት ኮምፒውተር ገልብጣላቸዋለች። ከነዚያ አንዱ ሟች ባለቤታቸው በልጃቸው ሠርግ ሲያዜሙ የተቀዳ ነው። ካሴቱ ክሩ ተበልቶ ተጥሏል። አንድ ቀን ታዲያ ዘፈኑ ይሄዳል፣ ድምፅ ግን የለም። የተጠራው ጠጋኝ ብዙም ሳይመረምር፣ «ጥፋቱ የሊኑክስ ነው፤ ሁሉንም አጥፍቼ ዊንዶውስ ልጫንበት» አለ። ጋሼ ደንግጠው በሬን አንኳኩ።

ሊኑክስ፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ሥርዓት ነው። በውስጡ ድምፅ በር በበር ያልፋል። ማጫወቻው ለ«ፐልስኦዲዮ» ወይም አሁን አሁን ለ«ፓይፕዋየር» ያቀብላል፤ እሱ ደግሞ በሥርዓቱ እምብርት ላለው «አልሳ»፤ አልሳ ለድምፅ ካርዱ፤ ካርዱ ለድምፅ ማጉያው። እንግዲህ ጥያቄው «ምን ተበላሸ?» ሳይሆን «የትኛው በር ላይ ቆመ?» ነው።

ዘፈኑን ለቀን የድምፅ ማስተካከያውን ከፈትን። መለኪያው ከዜማው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቅጂው አልጠፋም ማለት ነው። መውጫውን ብናይ፣ ኳስ ለማየት በተሰካው የ«ኤችዲኤምአይ» ገመድ በኩል ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ተዘግቷል። ወደ ኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ መለስነው፤ አሁንም ዝም። «አልሳሚክሰር» የሚለውን ትእዛዝ ጽፈን ስናይ፣ «ስፒከር» በሚለው ዓምድ ላይ «ኤም ኤም» የሚል ምልክት አለ፤ ታፍኗል ማለት ነው። የ«ኤም»ን ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጫንን።

የሴትዮዋ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ፤ እኔም ዝም አልኩ።

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሬከርድስ የታተሙ ዘፈኖች፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ አገር በወጣው «ኢትዮፒክ» ተከታታይ ሲዲ እንደገና ተሰምተዋል። የታተመ ዘፈን አንዱ ቢጠፋ ሌላው ከሰው ቤት ይገኛል። በሠርግ ድንኳን የተቀዳ የእናት ዜማ ግን ምትክ የለውም። ስለዚህ ያንኑ ዕለት ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥነው። አንባቢ ሆይ፣ ጠጋኝ «ላጥፋው» ሲልዎ፣ አስቀድመው በሮቹን አንድ በአንድ ያንኳኩ።