ስታዲየም ወርደው፣ ባዛር ገብተው፣ በሰላም ይመለሱ

በዓል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስታዲየም አካባቢ የሚያገኙት ሰው ሁሉ እጁ ላይ ፌስታል ያንጠለጠለ ይመስላል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ መስቀል አደባባይን ተጎራብቶ በሚገኘው ኤግዚቢሽን ማዕከል ባዛር ሲከፈት ልብሱ፣ ምንጣፉ፣ ድስቱ፣ ሽቶውና የልጆች መጫወቻው አንድ ግቢ ውስጥ ይሰበሰባል። የለመደ ሰው እንደ ሰፈር ሱቅ ገብቶ ይወጣል። እርስዎ ዘንድሮ ገና የመጀመሪያዎ ከሆነ ግን ከቤት ሳይወጡ ይህችን ያንብቡ።

መቼና በምን ይሂዱ?

በቅድሚያ የዘንድሮው ባዛር የት እንደሚካሄድ ያረጋግጡ፤ ቦሌ በሚገኘው ሚሊኒየም አዳራሽ የሚዘጋጅም አለና። ከዚያ ቀኑን ይምረጡ። ዋዜማው ሲቃረብ መተላለፊያ ይጠፋል። ዋና ዓላማዎ ግዢ ከሆነ በሥራ ቀን ጠዋት ይሂዱ፤ ሻጩም ረጋ ብሎ ያነጋግርዎታል። ሙዚቃውንና ግርግሩን ከፈለጉ ምሽቱ የእርስዎ ነው፤ ትንንሽ ልጆችን ግን ያኔ ይዘው አይሂዱ።

መኪና ለማቆም ከመከራ ባቡሩ ይሻላል። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስታዲየም ሁለቱም መስመሮች ከሚጋሯቸው ጣቢያዎች አንዱ ሆኗል። ስለዚህ ከአያትም ይምጡ ከቃሊቲ፣ ባቡር ሳይቀይሩ እዚሁ ይወርዳሉ። በእግር ሲያዘግሙ ስታዲየሙን ለልጆችዎ ያሳዩአቸው። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው እዚሁ ነው።

ገንዘብዎን እንዴት ይያዙ?

የሚገዙትን በወረቀት ጽፈው ይሂዱ። የትራንስፖርቱንና የምሳውን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጡት፤ ያ ገንዘብ ለማንም «አንድ ሲገዙ አንድ በነፃ» አይነካም። አንድ ዙር ሙሉ ሳይዞሩ ቦርሳዎን አይክፈቱ። መግቢያው ላይ የተወደደው ምንጣፍ ከኋላ ረድፍ ረክሶ ሊጠብቅዎ ይችላል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ እዚያው ተሰክቶ ሲሠራ ይዩ፤ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ቢበላሽ የት እንደሚያገኟቸውም ይጠይቁ። ባዛሩ ሲያበቃ ድንኳኑ ይነሳል፣ ሻጩም ይሄዳል።

ከሁሉም በላይ ልጆች

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገና ባዛር የሰባት ዓመት ልጄ ጠፋብኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ መጋረጃ ስከራከር እጁን ለቅቄ ነበር። ዘወር ስል የለም። ስሙን እየጠራሁ ሮጥኩ፤ ድምፄን ግን ሙዚቃው ዋጠው። ጉልበቴ ከዳኝ። አንዲት ሻጭ ትከሻዬን ይዛ «እህቴ፣ መሮጡን ተይውና ልጁ መቆም የፈለገው የት ነበር?» አለችኝ። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ቀደም ብለን ስናልፍ የእንጨት ጨዋታዎች የሚሸጡበት ጠረጴዛ ጋ እጄን ጎትቶኝ «ቆይ» ብዬው ነበር።

እዚያው ተቀምጦ አገኘሁት። ከአንድ አባት ጋር ገበጣ ይዟል፤ ጠጠሮቹን እየቆጠረ ቀና እንኳ አላለም። ሰውየው እንባዬን ሲያዩ «አይዞሽ ልጄ፣ ሳትመጪ አልነሳም ብዬ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሳንገባ ሦስት ነገር አደርጋለሁ። ስልክ ቁጥሬን በወረቀት ጽፌ ኪሱ ውስጥ እከታለሁ፤ ብንጠፋፋ የምንገናኝበትን አንድ የማይነቃነቅ ቦታ፣ ለምሳሌ ዋናውን በር፣ አሳየዋለሁ፤ የለበሰውን ልብስ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ልጅ ቢጠፋብዎ ወዲያው ለጥበቃዎች ይናገሩ፤ በድምፅ ማጉያ እንዲያስነግሩልዎ ይጠይቁ፤ አንድ ሰው መገናኛው ቦታ ላይ ይቁም፣ ሌላው ይፈልግ።

ጠረጴዛው ጋ ቆም ይበሉ

የልጅዎን «ቆይ» የሚሰሙበት ጊዜ ይያዙ። ባትሪው በሳምንት ከሚያልቀው መኪና ይልቅ ገበጣ፣ ዳማ ወይም ቼዝ ቤት ውስጥ ዕድሜ አለው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በአገራችንና በአካባቢዋ የሚገኙ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። የጥንቱ ሰንጠረዣችንም ከዛሬው ቼዝ የሚለይበት ነገር አለው፤ መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እኩል ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚጀመረው አንደኛው የሌላውን ሲበላ ነው። ለልጅዎ ይህን ይንገሩትና ሲስቅ ይዩት።

እኔ ያን ቀን መጋረጃውን ሳልገዛ ተመለስኩ። የገዛሁት ያንኑ ገበጣ ነው። ልጄ አሁን ቁመቱ በልጦኛል፤ በበዓል ቡና ሲፈላ ግን ገበጣውን አውጥቶ ከፊቴ ይቀመጣል። እስካሁን የሚያሸንፈው እሱ ነው።

መልካም ገበያ፣ መልካም በዓል!