የአባት ስልክ

ትግራይ ውስጥ በመጋቢት 2012 በኮሮና የተዘጉት ትምህርት ቤቶች፣ ጦርነት ተጨምሮባቸው መቐለ ላይ እንደገና የተከፈቱት በ2015 ነው። የዚያን ሰሞን ከኢሮብ የተፈናቀሉ አያት የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጡ። እሳቸው ሳሆ፣ መምህሩ ትግርኛ፤ እኔ በእናቴ ቋንቋ መሀል ላይ። የመመዝገቢያውን ሲስተም የሠራሁትም እኔው ነበርኩ።

«የአባት ስልክ?» አለ መምህሩ። ተረጎምኩ።

«እሱ ካለበት ስልክ አይነሳም በለው» አሉኝ።

«የለም» ብዬ አሳጠርኩት።

ሲስተሙ ግን እምቢ አለ፤ በቀይ «ይህ ቦታ ባዶ መሆን አይችልም» የሚል ወጣ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ምን ይላል ልጄ?»

መተርጎም አቃተኝ። የራሴን ቁጥር ሞላሁ።

ማታ ያንን ግዴታ ከኮዱ አጠፋሁት። ቁጥሬ ግን እዚያው ቀረ፤ ልጁ ሲያረፍድ የሚደወለው ለእኔ ነው።