ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ሳይጠየቅ አይቀርም። ስልካችሁን ብትጠይቁት ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ደለስ በአየር 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይልና አንድ የሰዓት ቁጥር ይጨምርላችኋል። ኪሎ ሜትሩ ልክ ነው። ሰዓቱን ግን አትመኑት፤ በዚህ መስመር መሄጃና መመለሻ አይገናኙም።

ከደለስ የተነሣ አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል። ከቦሌ የሚነሣው ግን እንደየዘመኑ ሮም ወይም ደብሊን እያረፈ ነው የኖረው፤ ከ16 ሰዓት በላይ የፈጀበት ጊዜ ብዙ ነው። አውሮፕላኑ አቅም አንሶት የሚመስለው ሰው አለ። እንዳይመስላችሁ፤ ሲመለስ በአንድ ትንፋሽ የሚመጣው ያው አውሮፕላን ነው።

ነገሩ የከተማችን ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ላይ ተቀምጧል፤ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉን የሚሸከመውም፣ ሞተሩ የሚስበውም ይኸው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሣት ተጨማሪ ፍጥነት፣ ለፍጥነቱም ተጨማሪ ሜዳ ይፈልጋል። 3,800 ሜትር የሚረዝመው የቦሌ ማኮብኮቢያም ቢሆን የሚችለው ክብደት ልክ አለው። ስለዚህ ሙሉ መንገደኛ፣ ሙሉ ሻንጣና አሜሪካ ድረስ የሚያደርስ ነዳጅ አንድ ላይ አይነሡም። መንገደኛው ከፍሏልና የሚቀነሰው ነዳጁ ነው።

ሻንጣው ደግሞ የዋዛ አይደለም! ቦሌ ሚዛኑ አጠገብ ትንሽ ቆማችሁ እዩ። እናት ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ ሻንጣ ትከፍታለች፤ በርበሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል፣ ሽሮው ይቀነሳል፣ ድርቆሹ ቀላል ስለሆነ ይተርፋል፣ ልጅየው በዚያ ሙቀት ካፖርት ይለብሳል። 23 ኪሎ ላይ ሲቆም ሁሉም እፎይ ይላል። አብራሪዎቹም የሚሠሩት ይህንኑ ሂሳብ ነው፤ የእነሱ በቶን ነው እንጂ።

ደብሊን ሲባል ትልቅ ዙሪያ ጥምጥም ይመስላል። ግን ከቦሌ ደብሊን፣ ከደብሊን ደለስ ብትደምሩት ከቀጥታው የሚበልጠው 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ምድር ክብ ናትና አጭሩ መንገድ ራሱ ወደ ሰሜን ጎብጦ የሚያልፍ ነው። ጊዜውን የሚበላው መውረዱ፣ ነዳጅ መቅዳቱና ዳግም መነሣቱ ነው። በዚያ ላይ ከፍታ ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል።

ትኬቱ ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ያሳያል። የሰዓት ልዩነቱ እነሱ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ 7፣ ሲመልሱ 8 ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከቦሌ ተነሥቶ በነጋታው ጠዋት 2 ሰዓት ደለስ የሚደርስ መንገደኛ ወረቀቱ ላይ 10 ሰዓት ብቻ የበረረ ይመስላል። ጠዋት 5 ሰዓት ከደለስ ተነሥቶ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ቦሌ የገባው ደግሞ ሃያ ሰዓት ያለፈው። ለመቀበል የሚሄዱ ሰዎች ጣታቸውን እየቆጠሩ የሚከራከሩት ወደው አይደለም።

ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ስለታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወራ ሰው የሚያነሣው ስፋቱንና ወጪውን ነው። እኔን የሚያጓጓኝ ግን ቦታው ከቦሌ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ማለቱ ነው። ችግሩን ሙሉ በሙሉ ባይነቅለውም፣ ከዚያ የሚነሣ አውሮፕላን በዚያው ሻንጣ ላይ ብዙ ቶን ነዳጅ መጨመር ይችላል።