ከመኪናችን በታች የተገኘው ጠብታ

በቤታችን ያለችው መኪና ሕዝቡ «ዲኤክስ» እያለ የሚጠራት ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ የተሠራችውም በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። አባታችን ከማረፋቸው በፊት ብዙ ዘመን ነድተዋታል። ከእርሷ በኋላ የመጣው የኮሮላ ትውልድ በአብዛኛው በፊት ጎማው የሚጎተት ሲሆን፣ የእኛይቱ ግን ገና በኋላ ጎማዋ የምትገፋ ናት። ስለዚህም ከሆዷ በታች ረጅሙን የማዞሪያ ዘንግ፣ ከኋላዋም እንደ ቅል ያበጠውን ዲፈረንሻል ተሸክማ ትኖራለች።

ይህ ዲፈረንሻል ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ አንባቢ በአውድማ ላይ የሚያበራዩትን በሬዎች ማሰብ ይበቃዋል። ወደ መካከል ያለው በሬ ጥቂት ሲራመድ በዳር ያለው ብዙ ይሄዳል። መኪናም በምትታጠፍበት ጊዜ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ ረጅም መንገድ ይጓዛልና፣ ኀይሉን ለኹለቱም እያደረሰ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይዞር ዘንድ የሚፈቅድለት ይህ የጥርሶች ቤት ነው። ጥርሶቹም በወፍራም ዘይት ውስጥ ይኖራሉ፤ ዘይቱ ካለቀ ብረት ብረትን ይበላል።

በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አንድ ቀን ማለዳ በግቢያችን ስሚንቶ ላይ የዘይት ጠብታ አየን። ከወዴት እንደ መጣ ለመለየት ካርቶን አነጠፍን፤ በማግሥቱም ጠብታው ከመኪናይቱ በስተኋላ ተገኘ። ወፍራም ነው፤ ሽታውም የድኝ ሽታ ነው። የሞተር ዘይት እንዲህ አይሸትም። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት፤ ሠራተኛውም በእግሩ ጫፍ እንኳ ሳይንበረከክ «ዲፈረንሻሉ በሙሉ ይለወጥ» አለን። የጠራልንም ዋጋ ከወር ደመወዛችን ይበልጥ ነበር።

በዚያን ማታ የዐሥራ ሰባት ዓመቱ ልጃችን «አባባ፣ ፓራኦሊዮው ብቻ ቢሆንስ?» አለን። ፓራኦሊዮ የሚሉት ዘንጉ ወደ ዲፈረንሻሉ በሚገባበት አፍ ላይ ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት ነው። ልጁ በክረምቱ ዕረፍት ከሰፈራችን መካኒክ ዘንድ እየዋለ ጥቂት ተምሯል። እኛ የእጁን ጥቁረት ስናይ ስንቆጣው የከረምን ነን፤ አሁን ግን ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ቀለበቱን ገዝቶ እንዲመጣ ላክነው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሥራውን ጀመርን። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አገድን፤ የኋላዋንም በክሪክ አንሥተን በብረት መደገፊያ ላይ አሳረፍናት፤ በክሪክ ብቻ በተያዘች መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነውና። ልጁም ከመፍሰሻው ቡሎን አስቀድሞ የመሙያውን ፈታ። ምክንያቱን ብንጠይቀው «ዘይቱን አፍስሰን መሙያው እምቢ ቢለንስ?» አለ። ይህን እኛ አላሰብነውም ነበር። የፈሰሰውን ዘይት በጄሪካን አጠራቅመን አኖርነው፤ ወደ ቦይ አልደፋነውም።

ከኹሉ የሚያስፈራው የመካከለኛው ዘንግ ዳዶ ነው። ይህ ዳዶ ከመያዝ በላይ ሌላ ሥራ አለው፤ በውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎች የሚሸከሙት ጫና በእርሱ ጥብቀት ልክ ይወሰናል። ቢላላ ዘንጉ ይወዛወዛል፤ ከልኩ በላይ ቢጠብቅ ኩሽኔታው ይነድዳል። ስለዚህ ከመፍታታችን በፊት ዳዶውንና የዘንጉን ጫፍ በአንድ መስመር ምልክት አደረግንባቸው፤ ስንመልስም ምልክቶቹ እስኪገጥሙ ድረስ አጠበቅን። አሮጌው ቀለበት በእጃችን ላይ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጠቀ። አዲሱን ከንፈሩን ቅባት ቀብተን፣ ዙሪያውን በቀስታ እየመታን አስገባነው። ከዚያም 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት በመሙያው ቀዳዳ አፍ እስኪደርስ ሞላን፤ አንድ ሊትር ያህል ጠጣች።

ለአንድ ሳምንት ካርቶኑ ደረቅ ሆነ። በሳምንቱ እናታችንን ለመጠየቅ ደብረ ብርሃን ደርሰን ተመለስን፤ መንገዱም መሄጃው ብቻ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማግሥቱ ጠብታው ከበፊቱ በዝቶ ተገኘ።

በዚህ ጊዜ ያደረግነውን መጻፍ ያሳፍረናል። ልጁን በእናቱና በታናናሾቹ ፊት «ያልተማርኸውን ሥራ ተማርሁ እያልህ ገንዘባችንን አጠፋህ» ብለን ገሠጽነው። ልጁም «አባባ፣ ቆማ ስትውል እኮ አትንጠባጠብም፤ ከሩቅ ስንመለስ ነው» ብሎ ነበር፤ እኛ ግን ምክንያት የሚያበዛ መስሎን ዝም አሰኘነው። ከዚያ ወዲያ ወደ መኪናይቱ አልቀረበም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻችንን ከሥሯ ገብተን ስንጠራርግ፣ በኋላው አክስል ቤት አናት ላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያለች ትንሽ ክዳን አገኘን። የመተንፈሻው ክዳን ነበረች። የክረምቱ ጭቃ ደርቆባት እንደ ሸክላ ጠንክሯል፤ በቀጭን ሽቦ ብንወጋው አፈር ብቻ ወጣ። የልጁ ቃል በዚያን ጊዜ ትዝ አለን። መኪናይቱ ረጅም መንገድ ስትሄድ ዘይቱና በውስጥ ያለው አየር ይግላል፤ አየሩም ይለጠጣል። መውጫው ከተዘጋበት ዘይቱን እየገፋ በቀለበቱ ከንፈር በኩል ያስወጣዋል፤ ቀለበቱ አዲስ ቢሆን እንኳ አይመልሰውም። ልጁ የሠራው ሥራ ነቀፌታ አልነበረበትም።

ከመኪናይቱ ሥር ወጥተን ጠራነው፤ ጭቃውንም በመዳፋችን ይዘን አሳየነው። «ልጄ፣ ይቅር በለን» አልነው። ይህን ቃል እኛ ከአባታችን አፍ ሰምተን አናውቅም ነበር፤ ስለዚህም ከአፋችን ለማውጣት ከዳዶው ይልቅ አስቸገረን። እናቱ በበሩ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ምንም ሳትናገር ወደ ውስጥ ገባች። ልጁ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ቆየና «አባባ፣ ክዳኑን በቤንዚን ልጠበው?» አለ።

አጥቦ መለሰው። ዳግመኛ ደብረ ብርሃን ደርሰን ተመለስን። ካርቶኑ እስከ ዛሬ ከመኪናይቱ በታች ተነጥፎ አለ፤ በላዩም ያለው አሮጌው ጠብታ ብቻ ነው። ልጁ በእርሳስ ከብቦ ቀኑን ጽፎበታል፤ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊትም በየማለዳው ጎንበስ ብሎ ያየዋል።