የፕላስቲኳ ላንድሮቨር

በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ላይ ደርሼ፣ ክረምቱን ወለል ላይ ተንበርክኬ የልጅ መጫወቻ መኪና ስገጣጥም መክረሜን ማመን ግድ ሆኖብኛል። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ወሬውን ሰምተው “ኢንጂነሩ፣ ለመኪናህ ቦሎ ወጣላት ወይ?” ማለት ከጀመሩ ሁለት ሳምንት አለፋቸው። እንግዲህ ነገሩ በሰው አፍ ከሚዞር እኔው ከሥሩ ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

ዕቃው የመጣው ከዱባይ ነው። ታላቅ እህቴ እዚያ ሰው ቤት ስትሠራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። በክረምቱ ዕረፍት ደሴ ቤታችን ሳለሁ፣ ወደ አገር ቤት የገባች አንዲት ጓደኛዋ በሁለት ፌስታል የተደራረበ ነገር ይዛ መጣች። ልብስ መስሎን ብናነሣው ተንኮሻኮሸ። እናቴ “ውይ የኔ ልጅ! መንገድ ላይ ተሰብሮባት ነው” ብላ ደረቷን ያዘች።

አልተሰበረም፤ ሌጎ ነበር። ማታ ስንደውል እህቴ እየሣቀች አስረዳችን። የቤቱ ልጅ በልደቱ ተሰጥቶት፣ ሁለት ቀን ነካክቶ ሰለቸው። እመቤቲቱ ልትጥለው ስትል ለምና ወሰደችው። “አንተ የመኪና ነገር አይደል የምትማረው? ላንድሮቨር ነው እኮ! ለአባዬም አሳየው” አለችኝ።

ሌጎን የማታውቁት ካላችሁ ባጭሩ፦ ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የሚባል አናጢ በ1932 እ.ኤ.አ. ቢሉንድ በምትባል የዴንማርክ ከተማ የጀመረው የመጫወቻ ሥራ ነው። ስሙ በአገሩ ቋንቋ “ደህና ተጫወት” ከማለት የወጣ ነው ይላሉ። ዛሬ የምናውቃት እርስ በርስ ነክሳ የምትያያዘዋ የፕላስቲክ ጡብ የፈጠራ መብቷ የተመዘገበው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ከ1977 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ጥርስ፣ ዘንግና ቀዳዳ ያለው ሌላ ዓይነት መጣ፤ በኋላ ቴክኒክ ተባለ። ለእኔ የደረሰኝ ከዚህ ወገን ነው። ቁርጥራጩ 2573 ፍሬ! ተገጣጥሞ ሲያልቅ ርዝመቱ 42 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሳጥኑ ግን አልመጣም፤ ፍሬው ሁሉ እንደ ጤፍና እንክርዳድ ተደባልቋል። ከመሀሉ አንድ ወፍራም የሥዕል መጽሐፍ ወጣ።

ከፌስታሉ ሥር ደግሞ በካልሲ የተጠቀለለ፣ ሁለት ቡጢ የሚያክል፣ ጥርስ በጥርስ የሆነ ነገር ነበር። መጽሐፉን ሳገላብጥ ካምቢዮው መሆኑን ዐወቅሁ። አራት ማርሽ፣ በላዩም ፈጣንና ቀርፋፋ መምረጫ ያለው የማርሽ ሳጥን፣ ተሠርቶ ያለቀ። ልጁ በሁለት ቀኑ ይህን መሥራቱ ገረመኝ። ሆኖም የሰው እጅ ከምከተል ከመጀመሪያው ገጽ ብጀምር ይሻላል ብዬ ልፈታው ጣቴን ስሰድ፣ አባቴ ከመደቡ ላይ ሆነው፦

“ተው! የሚሠራ ነገር አይፈታም፤ መጀመሪያ አዙረህ እየው” አሉኝ።

አባቴ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በወሎ ገጠር ለወባ መርጫ ሥራ ላንድሮቨር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው፤ እንግሊዝኛ አያነቡም። እኔ ደግሞ ከዓመት ዓመት የምማርበት መጽሐፍ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ስለ ትምህርቴ ከአባቴ ጋራ አውርተን አናውቅም ብል ውሸት አይሆንም። “እንዴት ነው ትምህርቱ?” ይሉኛል። “ደህና ነው” እላለሁ። በቃ።

ይኼ መጽሐፍ ግን አገጣጠሙን የሚያስረዳው ያለ አንድም ቃል ነው! ሥራው ሁሉ በሥዕል ብቻ ነው። ምን ዓይነት ቁርጥራጭ ስንት እንደሚፈለግ ከላይ ተሥሏል፤ የት እንደሚገባ ቀስቱ ያሳያል፤ የዘንጉ ርዝመት ለዓይን እንዳያሳስት በልኩ ተሥሎ ዘንጉን በላዩ አጋድሞ መለካት ይቻላል። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ሦስት ገጽ ከገለጡ በኋላ “ይኼማ ሰው የሚያከብር መጽሐፍ ነው” አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከቁርስ በኋላ ሰሌን አንጥፈን መቀመጥ ሆነ ሥራችን። እሳቸው ገጹን ያነብባሉ፤ እኔ እፈልጋለሁ። እናቴ ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ወረስናት።

ጠባችን የጀመረው እግሩ ላይ ስንደርስ ነው። አባቴ ሥዕሉን ደጋግመው አዩና “አክሱ የታለ? ባሌስትራውስ?” አሉ። እሳቸው የሚያውቁት አሮጌው ላንድሮቨር ግራና ቀኝ ጎማው በአንድ ደንዳና አክስ ተያይዞ በባሌስትራ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ሌላው ያጎነብሳል። የእኛ መጫወቻ ግን አራቱም ጎማ ለየራሱ በአሞርዛተር ላይ ይዘላል። መኪናው እንጂ ሥዕሉ አልተሳሳተም። ላንድሮቨር መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ከጦርነቱ በኋላ ብረት ስላጠረ ገላውን ከአሉሚኒየም ሠሩት፤ ያው ቀፎው አይዝግም እየተባለ በእኛም አገር የተወደደው በዚህ ነው። ኋላ ዲፌንደር የተባለው ያ ዘር በጥር 2016 እ.ኤ.አ. መሠራቱ ቆመ። በ2019 እ.ኤ.አ. አዲሱ ዲፌንደር ሲወጣ አክሱ ቀርቶ ጎማው ለየብቻው ሆነ፤ የሌጎውም ሞዴል በዚያው ዓመት አዲሱን ተከትሎ ወጣ። ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው አባቴ ሰምተው “እንግዲያስ ስሙን ብቻ ነው የወረሰው” አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ስሕተት የሠራሁት እኔ ነኝ። ማያያዣዎቹ ሁለት ጠባይ አላቸው፤ ጥቁሮቹ ነክሰው ይይዛሉ፣ ግራጫዎቹ ልሙጥ ሆነው እንደ ልብ ይዞራሉ። እኔ በጥድፊያ የፊት እግሩ ላይ በግራጫው ፈንታ ጥቁሩን ሰካሁ። መልኩ ያው ነው፤ ከውጭ የሚያይ አይለየውም። አባቴ መኪናውን በመዳፋቸው ጫን አድርገው ለቀቁትና ሳያዩ “የግራው ደርቋል” አሉ። ፈታሁት። እውነታቸውን ነበር።

ባሥራ ሁለተኛው ቀን ኮፈኑ ተከደነ፣ ፖርቶመጋላው ተጫነ፣ ቅያሪ ጎማው ከኋላ ተሰቀለ። መኪናው ሲገፋ፣ ጎማው በዲፈረንሻልና በካምቢዮ አልፎ የሞተሩን ስድስት ፒስተን ከፍ ዝቅ ማድረግ ነበረበት። ገፋሁት። ጎማው ዞረ፤ ፒስተኑ ንቅንቅ አላለም።

ከኋላው ዲፈረንሻል ውስጥ የጥፍር ያህል የምታክል ጥርስ ጎድላ ነበር። መጀመሪያ ሳልፍ አይቻታለሁ፤ ፌስታሉን አራግፌ ስላጣኋት “አንዲት ጥርስ ምን ታመጣለች?” ብዬ ነበር ያለፍኳት። አሁን ሳስበው የማርሽ ፈተና ላይ ይህንኑ ጥያቄ በቀመር መልሼ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ! የመኪናው ኃይል በሦስት ዲፈረንሻል ይከፈላል፤ አንዱ በመሀል፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ከኋላ የሚይዝ ነገር ከሌለ ከፊት ጎማ የመጣው ዙር በመሀሉ አቋርጦ ሄዶ በኋላው ይፈስሳል፤ ወደ ሞተሩ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። የተቀደደ ጆንያ ማለት ነው።

አባቴ አልተደነቁም። አንድ ጊዜ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ሲሄዱ ዝናብ ላይ የኋላ አክሳቸው ውስጡ ተሰበረ። የተሰበረውን ዘንግ አወጡ፤ ወደ ኋላ የሚሄደውን ትራስሚሲዮንም ፈቱ፤ የፊቱን ጎማ አስገብተው በፊት እግሩ ብቻ እየጎተተ ገቡ። ያ የቻለው አሮጌው ላንድሮቨር በመሀሉ ዲፈረንሻል ስላልነበረው ነው። የእኛው ግን አለውና ብልሃቱ አይሠራም አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

“ታዲያ የሌለው አድርገዋ” አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። የመሀሉን ዲፈረንሻል አውጥተን ትንሿን ጥርሱን ወሰድንና ለኋላው ሰጠነው። ባዶ የቀረውን የመሀሉን አባቴ ከአሮጌ ሬዲዮ በመዘዙት ሽቦ ግራና ቀኙን ከቀፎው ጋራ ጠፍረው አሰሩት። መልሰን ስንገፋው ስድስቱም ፒስተን እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይረግጥ ጀመር። አዲሱ ዲፌንደር የአባቴ አሮጌ ላንድሮቨር ሆነ ማለት ነው። በሲሚንቶው ላይ ሳጠማዝዘው ግን ጎማው እየተጎተተ ተንገራገጨ፤ በጥምዝ ላይ የፊቱ ጎማ ከኋላው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ልዩነቱን የሚያቻችል የለውም። አባቴ “ጭቃ ላይ እንጂ አስፋልት ላይ አራቱንም አስገብተህ አትንዳ” አሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ የሚማሩትን በአንድ ዐረፍተ ነገር።

ማታ በቪዲዮ ለእህቴ አሳየኋት። አልሣቀችም፤ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና፦

“ካምቢዮውን ፈታኸው እንዴ?” አለች።

“አልፈታሁትም፤ አባዬ ከለከሉኝ።”

“ሦስተኛው ሲገባ ይከብደው ነበር። አሁን አለፈልህ?”

ምን ልበላት? የሞከርኩት አንደኛውን ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። ካምቢዮውን የሠራው የቤቱ ልጅ አይደለም። ሥራዋን ጨርሳ፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ በምታድርባት ክፍል ውስጥ የሠራችው እሷ ናት። “እቴቴ፣ ለምን አልነገርሽኝም?” ብላት “ምኑን? ትንሽ ነገር ነው” አለችና “ዘንጉን እስከ መጨረሻው ድረስ ገፍተኸው ከሆነ ይፋተግብሃል፤ የወረቀት ያህል ክፍተት ተውለት” ብላ አስተማረችኝ። ዘጋሁና ሞከርኩት። ሦስተኛው ማርሽ ዘው ብሎ ገባ።

ልጆች ሳለን ከሽቦና ከነጠላ ጫማ ሶል መኪና እንሠራ ነበር። በሰፈሩ ውስጥ የፊት ጎማው በመሪ የሚዞር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የእኔ ይባል ነበር። የሠራችው ግን እሷ ነበረች፤ ሴት ልጅ ሽቦ ስትገፋ ቢያዩአት ይሥቁባታል ተብሎ እኔ እነዳው ነበር እንጂ። አሥረኛ ክፍል ስትጨርስ ቤታችን የሚያስተምረው አንድ ልጅ ብቻ ነበርና እኔ ተመረጥኩ። ይህን ማንም አልደበቀኝም፤ እኔም አስቤው አላውቅም ነበር።

አሁን በየማታው የክፍል ደብተሬን ፎቶ እያነሣሁ እልክላታለሁ፤ ጠይቃኝ ነው። ባለፈው ሳምንት የዲፈረንሻሉ ምዕራፍ ደረሳት። “ለሁለቱም ጎማ እኩል ኃይል ይሰጣል ትላለህ። ታዲያ አንዱ ጭቃ ውስጥ ሲሽከረከር ሌላው ደረቅ ላይ ቆሞ የሚቀረው ለምንድነው? እኩልነቱ የት ሄደ?” ብላ ጻፈችልኝ። ቀመሩን ጽፌ ላክሁላት። “ቀመሩን አልጠየቅሁህም” አለችኝ።

ከሦስት ቀን ጀምሮ በሰው ቋንቋ ልጽፍላት እየሞከርኩ ነው። መኪናው ከአልጋዬ በላይ መደርደሪያው ላይ ቆሟል። ከእናንተ መሀል ይህን ያለ ቀመር ማስረዳት የሚችል ካለ ይምጣ፤ ሻዩ በእኔ ነው። የሚሣለቅም ይምጣ፤ ግን ከመሣቁ በፊት ሦስተኛውን ማርሽ አስገብቶ ይግፋው።