የሩቁን ሲያዩ የቅርቡን መሳት

ሰው በስተርጅናው የትና ከማን እንደሚማር አያውቅም። እኔ በጉቶ ጊዳና በአካባቢዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ልጄን ለመጠየቅ ከነቀምቴ ተነሥቼ አሜሪካ፥ ሚኒሶታ ወደሚባለው ግዛት በሄድሁ ጊዜ አስተማሪዬ የአሥራ ስድስት ዓመት የልጅ ልጄ ሆነ። የተማርሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስለ መብረር ነው፤ ሁለተኛው የሚያሳፍረኝ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ብዬ ነው።

ሚኒሶታ የኛ አገር ሰው የበዛበት ምድር ነው። ከወለጋ የሄደ ሰው በሚኒያፖሊስ ገበያ ወጥቶ ኦሮምኛ የሚናገር ሳያጋጥመው አይመለስም። ልጁም የሚጠራኝ «አካኮ» እያለ ነው፤ በኛ ዘንድ አያት ማለት ነው። በዚህ ምክንያት እንግድነቱ ብዙ አልከበደኝም። የከበደኝ ሥራ መፍታት ብቻ ነበር። ልጄና ባሏ ጧት ወጥተው ማታ ይገባሉ፤ እኔ በመስኮት ሣር አያለሁ። እንግዲህ ልጁ አንድ ቀን «አካኮ፥ ከእኔ ጋር ሜዳ ይሂዱና ዓይን ይሁኑልኝ» ቢለኝ የነገሩን ትርጉም ሳልጠይቅ ኮቴን ደረብሁ።

የሚያበራት ነገር ድሮን ትባላለች። ቃሉ በእንግሊዝኛ ወንዱን ንብ ማለት ነው። ወለጋ የማር አገር ናትና ስለ ንብ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ወንዱ ንብ ማር እንደማይሠራ፥ መንደፊያም እንደሌለው ቀፎ የሰቀለ ሁሉ ያውቃል። የልጁ ድሮን ከትንሽ ሰሃን እምብዛም አትበልጥም። በአራት ማዕዘኗ አራት ሞተር፥ በጀርባዋ ባትሪ፥ በግንባሯ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ካሜራ አለባት። ከሱቅ የተገዛች መጫወቻ አይደለችም። ክፍሎቿን አንድ በአንድ ሰብስቦ፥ ሽቦዎቿን በገዛ እጁ በትንሽ መበየጃ አያይዞ የሠራት ራሱ ነው። ይህን ባየሁ ጊዜ የመምህርነት ልቤ ደስ አላት። እኔ ተማሪዎቼን ስለ ኤሌክትሪክ ሳስተምር የነበረኝ አንድ አምፑልና ሁለት የባትሪ ድንጋይ ነበር።

አበራሩ እንዲህ ነው። ልጁ ዓይኑን ፈጽሞ የሚከድን ጥቁር መነጽር ያጠልቃል። በመነጽሩ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ስክሪኖች አሉ፤ ካሜራዋ የምታየውን በራዲዮ ሞገድ ወዲያው ያመጡለታል። በእጁ ሁለት ዘንጎች ያሉት መቆጣጠሪያ ይይዛል፤ በግራው ያስነሣታል፥ ያዞራታል፤ በቀኙ ያጋድላታል። እንዳጋደሏት የምትቀር እንጂ ራሷን የምታቃና አይደለችም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በኮምፒዩተር ላይ በአምሳያ ብዙ ሰዓት ተለማምዶ፥ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ከዛፍ ላይ አውርዷታል። አንዱ ባትሪ ከአራትና ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። በዚያች አጭር ጊዜ ግን በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች።

የአገሩ ሕግ ይህን ጨዋታ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ልጓም አበጅቶለታል። ክብደቷ 250 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነችው ትመዘገባለች፤ የሚያበራት ሰው አጭር ፈተና ይፈተናል፤ ከመሬት ወደ ላይ ከ120 ሜትር ያህል እንድታልፍ አይፈቀድም። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ሌላው ነው። መነጽር አጥልቆ የሚያበራ ሰው፥ መነጽር ያላጠለቀ ሌላ ሰው በአጠገቡ ቆሞ ድሮኗን በገዛ ዓይኑ እየተከታተለ እንዲነግረው ሕጉ ያዛል። ሩቅ የሚያየው ሰው የቆመበትን አያይምና። እንግዲህ ልጁ «ዓይን ይሁኑልኝ» ያለኝ ለዚህ ኖሯል።

በመጀመሪያው ቀን ሥራዬን በደንብ ሠራሁ። «ውሻ የያዘ ሰው በስተግራ መጣ» ስል ያርቃታል፤ «ወደ ዛፉ ቀረብህ» ስል ያነሣታል። ይሁን እንጂ ልጁ ሁለተኛ መነጽር ነበረው። ያው ሥዕል በሁለቱም መነጽር ይታያል፤ የሚያበራው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው ተመልካች ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ ጓደኛው አብሮን ስለ መጣ፥ እሱ ዓይን ሆኖ እኔ እንዳይ ፈቀደልኝ። «አካኮ፥ አስቀድመው ይቀመጡ፤ ቆሞ ያየ ሰው ይወድቃል» አለኝና በታጣፊ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።

ያየሁትን እንዴት አድርጌ ልናገር! ሰውነቴ ከወንበሩ ላይ ቀርቶ እኔ ከበቆሎው እርሻ በላይ ሄድሁ። ጉልበቴ አላመመኝም። ዛፉን ዞርን፥ በቅርንጫፎቹ መካከል አለፍን፥ ሰማይ ከበታቻችን ሆኖ ተመለሰ። ስንመለስም ሁለት ሰዎች በሜዳው ላይ ቆመው፥ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጥቁር ሣጥን ፊቱ ላይ ለጥፎ፥ አፉን ከፍቶ ተቀምጦ አየሁ። ያን ሽማግሌ አላወቅሁትም ነበር፤ ያወቅሁት ኮቱን ነው።

ከዚያ ወዲያ ሜዳ በሄድን ቁጥር ልቤ ከመነጽሩ ጋር ሆነ። አሁን ወደሚያሳፍረው ነገር ደርሻለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሁለታችን ብቻ ሄድን። ዓይኑ እኔ ነበርሁ። ልጁ መነጽሩን አጥልቆ ድሮኗን አስነሣ፤ ሁለተኛው መነጽር በቦርሳው ላይ ተቀምጦ ነበር። «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» ብዬ አነሣሁትና አጠለቅሁት። ለልጁ አልነገርሁትም። ሜዳው ባዶ ነው ብዬ ለራሴ መሰከርሁ። አንድ ደቂቃው ሦስት ሳይሆን አልቀረም። ልጁ ድሮኗን ከዛፎቹ ጀርባ አዙሮ ወደ ሣሩ ዝቅ ብሎ ሲመጣ፥ በሥዕሉ ውስጥ አንድ ቀይ ነገር ብልጭ አለ። ልጁ ጮኸ፤ ሞተሩንም በቅጽበት አጠፋው፤ ድሮኗ እንደ ድንጋይ ወደቀች። መነጽሩን ስናወልቅ አራት ዓመት የማይሞላው ቀይ ሹራብ የለበሰ ሕፃን ቆሞ አየን። ድሮኗ ከእግሩ ሁለት እርምጃ ርቃ ሣሩን ቆርጣ ተተክላ ነበር። እናቱ ከኋላው እየሮጠች መጣች። ሕፃኑ አላለቀሰም፤ እኛ ግን ደማችን ቀዘቀዘ። የአራቱ ሞተር ስለት የሕፃን ፊት ቢያገኝ የሚያደርገውን ልጁ ያውቃል፤ በጣቱ ላይ የቀረ ጠባሳ አለው።

እናቲቱ የተናገረችው ሁሉ ተገቢ ነበር። የተናገረችው ግን ለልጁ ነው። እኔ መነጽሩን ከጀርባዬ ይዤ ዝም አልሁ።

ማታ ልጁ ለወላጆቹ ራሱ ነገራቸው። «ዝቅ ብዬ መብረር አልነበረብኝም» አለ። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም። መነጽሩን ማጥለቄን አይቷል፤ ሲያወልቀው እኔም ሳወልቅ ዓይን ለዓይን ተጋጥመናልና። እናቱ ክረምቱን ሙሉ እንዳያበር ከለከለችው። እሱም «እሺ» ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ።

ሦስት ቀን ዝም አልሁ። ምክንያት አላጣሁም፤ ሰው ለእንዲህ ያለው ነገር ምክንያት አያጣም። «እንግዳ ነኝ፤ ከልጄ ጋር ሳልጣላ ወደ አገሬ ልመለስ» አልሁ። «ልጁ ወጣት ነው፤ ይረሳዋል» አልሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ጧት ጧት በጸሎት ሰዓት ኃጢአትን ስለ መናዘዝ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! መምህርም ከሆንሁ በኋላ አንድ ቀን ቴርሞሜትር ተሰብሮ ባገኝ፥ ማን እንደ ሰበረው ሳላጣራ አንዱን ተማሪ ቀጣሁ። የሰበረው ሌላው እንደ ነበር ቆይቶ ቢታወቅ፥ ያን ሁለተኛውን በክፍል ፊት አቁሜ «ስትሰብር ሳይሆን ዝም ስትል ነው የበደልህ» አልሁት። ምን ያህል ኰርቼ እንደ ተናገርሁት እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። በሚኒሶታ በሦስተኛው ሌሊት ያ ልጅ በአልጋዬ አጠገብ የቆመ መሰለኝ።

በአራተኛው ቀን ራት ላይ ለልጄ ነገርኋት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ብትቈጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን ረዥም ጊዜ አየችኝና «አባዬ፥ እርስዎ?» ብቻ አለች። የልጅ ልጄ አንገቱን ደፍቶ ምግቡን በላ። ክልከላው ተነሣለት፤ እኔ ግን ዳግመኛ ዓይን እንድሆን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ወደ ነቀምቴ ከተመለስሁ ወራት አልፈዋል። በቅርቡ ልጁ በስልክ ደወለና ደስ እያለው «አካኮ፥ ለዕረፍት ስመጣ ድሮኔን ይዤ እመጣለሁ፤ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ከላይ አሳይዎታለሁ» አለኝ። ያለ ፈቃድ ድሮን ወደ አገር ማስገባት ክልክል እንደ ሆነ ነገርሁት። «እንግዲያስ ፈቃድ እንጠይቃለን» አለ። በሕጉ ተከልዬ ማምለጥ እንደማልችል ገባኝና ሌላውን ነገርሁት።

አባቴ በ1928 ዓ.ም. ልጅ ነበር። በሰሜኑ ጦር ግንባር የጣሊያን አይሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ እንደ ረጩ ወሬው ወለጋ ደርሶ ነበር። በሰኔ ወር ሦስት አይሮፕላኖች ከነቀምቴ አቅራቢያ ቦነያ ላይ አረፉ፤ ጄኔራል ማልዮኮና ስመ ጥሩው አብራሪ ሎካቴሊ ከነጓደኞቻቸው የአገሩን ሹማምንት ለማግባባት መጥተው ነበር። የጥቁር አንበሳ አርበኞች በሌሊት ደርሰው ከአንድ ቄስ በቀር ሁሉንም ገደሏቸው፤ አይሮፕላኖቹንም አቃጠሉ። አባቴ ይህን ሲያወራ ስለ ድሉ ብዙ አይናገርም ነበር። የሚናገረው ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ድምፅ በሰጠ ቁጥር እናቱ እሱን በብብቷ ይዛ ወደ ቡናው ሥር ትሮጥ እንደ ነበር ነው። እሱም ሸምግሎ እንኳ የአይሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ንግግሩን ያቋርጥ ነበር።

ዛሬም እንደዚሁ ነው። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ድሮን የሚለው ቃል በአገራችን የጨዋታ ቃል አይደለም። በምዕራቡም ግጭት ዘመን ገበያ ላይ የቆመ ሰው፥ ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ሰማይ ቀና ማለትን ለምዷል። በዩክሬን ጦርነት ደግሞ የልጁን የመሰለች፥ በመነጽር የምትበር ትንሽ ድሮን ፈንጂ ታስሮባት ሰው ታሳድዳለች፤ ይህን እሱ ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ጎረቤቴ አንዲት ባልቴት ናቸው። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ድምፁን ሲለውጥ እንኳ የልጅ ልጆቻቸውን ስም እየጠሩ ወደ ቤት ያስገባሉ። «ልጄ፥ አንተ ከላይ ሆነህ ቤተ መንግሥቱን ታያለህ፤ እሳቸው ከታች ሆነው የሚሰሙትን አታይም» አልሁት።

ከስልኩ ማዶ ረዥም ዝምታ ሆነ። ከዚያ «ቦነያ ከእናንተ ሩቅ ነው?» አለኝ። መንገዱ ሰላም ሲሆን አብረን እንደምንሄድ ነገርሁት። «በእግር?» አለ። የሚቻለውን ያህል በመኪና፥ የቀረውን በእግር አልሁት።

ሊሰናበተኝ ሲል አሁን በሜዳው ዓይን የሚሆንለት ያ ጓደኛው እንደ ሆነ ነገረኝና፥ «አካኮ፥ ሁለተኛውን መነጽር ሸጥሁት» አለ። ለምን እንደ ሸጠው አልጠየቅሁትም።