አብዱ ረህማንን ለሁለት የሚቆርጠው ትእዛዝ



በጀመዓችን ውስጥ ስሙን በሁለት ቃል የሚጽፍ ሰው ስንት ነው? አብዱ ረህማን አለ፣ ኑረል ሁዳ አለች፣ ሰይፈ ዲን አለ። አንዱ አያይዞ ይጽፈዋል፣ ሌላው ለይቶ። እኛ ስናነብ አንድ ሰው መሆኑን ስለምናውቅ አንደናገርም። ኮምፒውተር ግን የሚያየው በመካከል ያለውን ስፔስ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ሊኑክስ ላይ ሥራ ለማቅለል ስለምንጽፋቸው ትንንሽ የትእዛዝ ፋይሎች፣ ማለትም ስለ ሼል ስክሪፕት ነው። የሌላ ዲፓርትመንት ተማሪዎችም አትለፉት፤ ጉዳዩ የስማችን ጉዳይ ነው።

እኔ የተጂ ልጅ ነኝ። ከሰበታ በጅማ መንገድ ተፍኪን ስታልፉ የምታገኟት ከተማ ናት። ጠዋት መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ እያልኩ ነው ያደግኩት። ያቀሩን ኡስታዝ ወደ አኼራ ከሄዱ በኋላ ልጆቻቸው ደርሳቸውን መሰብሰብ ፈለጉ። ድምፃቸው በየሰው ስልክና ሚሞሪ ካርድ ተበትኖ ነበር። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ስገባ ትልቁ ልጃቸው አንድ ከረጢት ሚሞሪ ካርድ ሰጠኝና «ወንድሜ፣ ድምፁን ወደ ዲስኩ ገልብጥልን፤ ካርዶቹን ባዶ አድርገህ ለየባለቤቱ እንመልሳለን» አለኝ። ለዚሁ ሥራ ሌላ ወንድም ቀደም ብሎ የጻፈው ስክሪፕትም አብሮ ነበር።

ስክሪፕቱ አምስት መስመር ነው። በካርዱ ላይ ያሉትን ፋይሎች ስም ይዘረዝራል፣ እያንዳንዱን ወደ ዲስክ ይገለብጣል፣ በመጨረሻው መስመር ካርዱን ያጠፋል። ለፋይሎቹ ስም ያወጡት ግን የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። አንዱ «ደርስ 12 ከመግሪብ በኋላ» ብሎታል፣ ሌላዋ እናት «የኡስታዝ ምክር ለወጣቶች» ብለውታል። ሼል ደግሞ በጥቅስ ያልተያዘ ቫሪያብል ሲያገኝ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ ያወጣና ስፔስ፣ ታብ ወይም አዲስ መስመር ባየበት ሁሉ ይቆርጠዋል። የትእዛዝ ውጤትን በቀጥታ ሲቀበልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ያ አንድ ደርስ አራት ፋይል ይሆናል። «ደርስ» የሚባል ፋይል ይፈልጋል፣ የለም። «12» ይፈልጋል፣ የለም። አራት ጊዜ የስህተት መልእክት ጽፎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ካልታዘዘ በቀር ስህተት ስላየ አይቆምም። ከዚያ የመጨረሻው መስመር ላይ ይደርስና ካርዱን ያጸዳል። የሚተርፈው በአንድ ቃል የተሰየመው ደርስ ብቻ ነው። ስክሪፕቱን ሳላስነሳ ማንበቤ ለዚህ ጠቀመኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ነገሩ የሰፈር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2001 እ.ኤ.አ. አፕል ያወጣው የአይቱንስ 2 መጫኛ ስክሪፕት በዚሁ የጥቅስ ጉድለት የተነሳ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ዲስክ አጥፍቷል፤ ለዚያ ያበቃው በዲስኩ ስም ውስጥ ያለ ስፔስ ነበር። ልማዱ የቆየ ነው። ስቲቨን ቦርን ቤል ላብስ ውስጥ የጻፈው ሼል በ1979 ከዩኒክስ 7ኛ እትም ጋር ሲወጣ እንዲህ ይቆርጥ ነበር፤ ብራያን ፎክስ በ1989 ያወጣው ባሽም ወረሰው። ዜድ ሼል የሚባለው ግን ቫሪያብልን ካልታዘዘ አይቆርጥም፤ በእኔ አስተያየት ትክክሉ እሱ ነው።

መድረሳ የገባ ሰው ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ተጅዊድ ስንማር ወቅፍ የሚባል ምዕራፍ አለ፤ የት እንደሚቆምና የት እንደማይቆም። በብዙ ሙስሐፎች ከመስመሩ በላይ ትንንሽ ፊደላት አሉ፦ ሚም ካለ መቆም ግድ ነው፣ ጂም ካለ ይቻላል፣ ላ ካለ እዚህ አትቁም ማለት ነው። ያለ ቦታው የቆመ ሰው ፊደል ሳይሳሳት ትርጉም ይገለብጣል። በጥንቶቹ የኩፊ ሙስሐፎች በቃልና በቃል መካከል ያለው ክፍተት፣ በአንድ ቃል ውስጥ ተነጣጥለው ከሚጻፉ ፊደላት ክፍተት ብዙም አይለይም ነበር። ቃሉ የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው ከኡስታዙ አፍ የተማረው ቃሪእ ነው። ሼል ግን ኡስታዝ የለውም፤ የምናስተምረው በጥቅስ ምልክት ነው።

ነህው ላይ ደግሞ ሙዷፍና ሙዷፍ ኢለይህ አይለያዩም ተብለናል። ዐብድ ብቻውን ባሪያ ነው፤ አር-ረህማን የአላህ ስም ነው፣ ብቻውን ለሰው አይሰጥም። አንድ የክፍል ጓደኛዬ የፈተና መግቢያ ካርዱ ላይ ስሙ «አብዱ»፣ የአባቱ ስም «ረህማን» ተብሎ ወጥቶለት ነበር። አባቱ ወደ አያት ሳጥን ተገፉ፣ አያቱ ወደቁ። እሱ ይስቃል፣ አባቱ ግን አልሳቁም። ሼል ውስጥም ሪድ የሚባለው ትእዛዝ መስመሩን በስፔስ እየቆረጠ ወደ ሳጥኖቹ ያድላል፣ የተረፈውን በሙሉ መጨረሻው ሳጥን ውስጥ ያጭቃል። የስም ዝርዝር ስትሠሩ ዓምዶቹን በኮማ ለዩና መቁረጫው ኮማ ብቻ መሆኑን ለሪድ ንገሩት።

አሁን መድኃኒቱ። ድርብ ጥቅስ ቫሪያብሉን ከፍቶ ውስጡን ሳይቆርጥ ያሳልፋል፤ ነጠላው ውስጡ ያለውን የዶላር ምልክት እንኳ እንዳለ ይተወዋል። ለስክሪፕቱ የተሰጡትን ስሞች ሁሉ በየራሳቸው ሳይቆረጡ ለማሳለፍ "$@" ነው፤ $* ያለ ጥቅስ ይበትናቸዋል፣ "$*" ደግሞ ሁሉንም ሰፍቶ አንድ ያደርጋቸዋል። የፋይል ዝርዝሩን ከሌላ ትእዛዝ ከመቀበል ራሱ ሼሉ በ ./* እንዲያወጣ ማድረግ ይሻላል፣ ስሙን ሳይቆርጥ ስለሚሰጥ። መገልበጡና ማጥፋቱ መካከል && ካለ ደግሞ መገልበጥ ሳይሳካ ማጥፋት የለም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሼል የሚያውቀው ቀጥ ያሉትን " እና ' ነው። የእኛን « » ወይም ወርድ በራሱ የሚያጎብጣቸውን “ ” አይቀበልም። የአማርኛ ሁለት ነጥብ (፡) ደግሞ ለሼል መቁረጫ አይደለም፤ አብዱ፡ረህማን ብሎ የጻፈ የድሮ ሰው ስሙ አይቆረጥበትም!

በኦሮምኛ ለምንጽፍ ሌላ ጣጣ አለ። ቁቤ ላይ ሁዻ የምንለው ' ነው፤ ሰዒድና ሙዓዝ በላቲን ሲጻፉም ብዙ ጊዜ ይኸው ይገባል። ኤክስአርግስ የሚባለው ትእዛዝ ይህን ሲያይ ጥቅስ ተከፈተ ብሎ መዝጊያውን ይፈልጋል፣ ሲያጣ ይቆማል። መፍትሔው ፋይንድ ስሞቹን በኑል ባይት እየለየ እንዲያወጣ፣ ኤክስአርግስም በኑል እንዲቀበል ማዘዝ ነው። በፋይል ስም ውስጥ ፈጽሞ ሊገባ የማይችል ባይት ኑል ነውና።

ስትሞክሩ በኤኮ አትተማመኑ። ኤኮ የተቆረጡትን ቃላት በስፔስ መልሶ ስለሚያያይዛቸው ሁሉም ደህና ይመስላል። እኔ የተጠቀምኩት ፕሪንትኤፍን ነው፤ የሚደርሰውን እያንዳንዱን ነገር በቅንፍ አስሮ በየመስመሩ እንዲያሳየኝ። ያለ ጥቅስ፦

[ደርስ]
[12]
[ከመግሪብ]
[በኋላ]

በጥቅስ፦

[ደርስ 12 ከመግሪብ በኋላ]

ሼልቼክ የሚባለው ነፃ መሣሪያም ጥቅስ የጎደለበትን መስመር እየለቀመ ይነግራችኋል። የኡስታዛችን ደርስ አሁን በሁለት ዲስክ ላይ አለ፤ ካርዶቹንም ቆጥረን፣ ጥቂቶቹን አዳምጠን ነው የመለስናቸው።

የጀመዓችን የኢፍጧር ካርድ ዝርዝር የሚወጣው በእንዲህ ያለ ስክሪፕት ስለሆነ፣ ኢንሻአላህ እሁድ ከዐስር ሶላት በኋላ መስመር በመስመር እናነበዋለን። ላፕቶፕ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ስማችሁ በሁለት ቃል የሚጻፍ ደግሞ ላፕቶፕ ባይኖራችሁም ኑ፤ መሞከሪያ ትሆኑናላችሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።